ትጉህ ማስቲካ

«እንዳላማው ወንድሜ ነው፤ ግን ጠጥቶ ነበር።»

እስከዳር ይህን የሰማችው በባሏ ሙት ዓመት ዕለት ጠዋት፣ በባሏ ወንድም በየኋላሸት ጓዳ ውስጥ ትሪ በፎጣ እያደረቀች ቆማ ሳለ ነው። ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለየው ችፑድ ነበር። የኋላሸት ቤቱን ከፊት ለፊት በሴራሚክ አልብሶ፣ ከውስጥ ግን ገንዘቡ ስላሳሳው ክፍሎቹን በችፑድ ስለከፋፈለ፣ ሳሎን ያነጠሰውን ሰው ጓዳ ያለው «ይማርህ» ይለዋል። ሳሎኑ ውስጥ ከአዲስ አበባ የመጣው የትጉህ ማስቲካ የሽያጭ ኃላፊ አቶ ሀይለመለኮት ዱለቱን እየበላ ነበር። «አያሙትም፣ አቶ የኋላሸት» አለ ጎርሶ እንዳለ። «ሐቁን ነው የሚናገሩት። ወንድም ቢሆንም ሐቅ ሐቅ ነው።»

ሰውየው ስሙን እንደ ስም አልሰማውም። የሞተው የእስከዳር ባል፣ የየኋላሸት ታላቅ ወንድም፣ እንዳላማው ይባል እንደነበር የነገረው የለም። «ሐሜት እንዳይሆንብኝ» የተባለ ነው የመሰለው። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ፍትሐቱ ሲደርስም ካህናቱ ያነሱት የክርስትና ስሙን ነበር፤ በር ላይ የተሰቀለው ሰፊ ሸራም «ትጉህ ማስቲካ ለወንድማችን ነፍስ ይማር ይላል» ከማለት በቀር ስም አልጻፈም። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር አቋርጦ ለሰው ሙት ዓመት የመጣ ሰው፣ የማን ሙት ዓመት እንደሆነ ሳይጠይቅ ቁርሱን በላ። እስከዳር ትሪውን ድምፅ እንዳያሰማ አድርጋ ከሌሎቹ ላይ አነባበረችው፤ ቀጣዩን አነሳች፤ ደርቆ የነበረውን እንደገና አደረቀችው።

ትጉህ በዚያ ዘመን ደብረ ማርቆስን ሲያስኝካት ነበር። ቀይ ፓኬት ነው፤ አንገቱን ያሰገገ አውራ ዶሮ አለበት፤ ከዶሮው እግር ሥር «የማይተኛ» ይላል። አንዷ ፍሬ የአንድ ስኒ ቡና ያህል ካፌይን አላት ተብሎ ስለተነገረ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ለፈተና፣ ዘበኛው ለተራው፣ ሾፌሩ ለመንገዱ፣ ዲያቆኑ ሳይቀር ለማኅሌት ይገዛው ጀመር። ቡና በአራት ብር የሚጠጣ ሰው አንዷን ፍሬ በሁለት ብር ሲያገኛት ብልጥ የሆነ ይመስለዋል። መጀመሪያ እንደ ናና ያቀዘቅዛል፤ ቀጥሎ እንደ ኪኒን ይመራል፤ ከዚያ በኋላ ጎማ ነው። ጎማ መሆኑን አውቆም ሰዉ አይተፋውም፤ ከፍሎበታልና ያኝከዋል። የኋላሸት የአካባቢው ወኪል ከሆነ ወዲህ መንጋጋው ያረፈበትን ጊዜ ያየ አልነበረም። ቅዳሴ ላይ እንኳ ምላሱ ሥር ያሳድረዋል እንጂ አይተፋውም እየተባለ ይታማል። የወንድሙ ሬሳ ከዓባይ በረሃ የመጣ ቀንም እያኘከ ነው የተቀበለው።

እንዳላማው የዚሁ ወንድሙ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ከሮብ ገበያ ድንች ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል፤ ከአዲስ አበባ ማስቲካ ጭኖ ይመለሳል። ባለፈው ዓመት ሊመለስ ሲል ከመናኸሪያ ለእስከዳር ደወለላት። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም አላት። ተኛ እንጂ፣ አለችው። «የኋላሸት ጭነቱ ለገበያ ካልደረሰ ብሏል። ሁለት ሁለት አኝክ ነው የሚለኝ። መንጋጋዬ ደንዝዟል፣ እስኩዬ፤ ዓይኔ ግን ማስቲካ አያውቅም» ብሎ ሳቀ። መኪናው ዓባይ በረሃ ላይ መንገድ ስቶ ገደል ገባ። ቀያዮቹ ፓኬቶች ቁልቁለቱን አለበሱት፤ ከኪሱ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር የወጣውም ያው ቀይ ፓኬት ነበር። ከተማው አዘነ፣ ቀበረ፣ ከዚያ ቀለደ። «ትጉህ ጭኖ፣ ትጉህ እያኘከ አንቀላፋ» ተባለ። ማንቀላፋት እንቅልፍንም ሞትንም ስለሚይዝ ለቀልድ ይመቻል። ሾፌሮች ማስቲካውን መግዛት አቆሙ። የየኋላሸት እውነተኛ ሐዘን የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

እስከዳር ዓመቱን ሙሉ አንድ ነገር ግራ ሲገባት ኖሯል። ሊያጽናኗት የሚመጡ ሰዎች ስለ ባሏ ደግነት ጀምረው ሞቱ ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ይሰብራሉ፤ አንድ የምታውቀውን ነውር ላለመንካት የሚጠነቀቁላት ይመስላሉ። ምኑን እንደሚሸሹ አታውቅም ነበር። አሁን በችፑድ ግድግዳ በኩል ገባት። ሾፌሩ ጠጥቶ ከነበረ ማስቲካው ምን አጠፋ? የኋላሸት ይህችን ለአንዱ ሹክ፣ ለሌላው ሹክ እያለ፣ መሐላና እንባ እየቀላቀለ ሲሸጥ ከርሟል፤ ሾፌሮቹም ተመልሰዋል። እንዳላማው ግን አባቱን አረቄ ስለገደለበት መጠጥ በአፉ ሳይዞር የኖረ ሰው ነበር። በሠርጋቸው ቀን እንኳ ሚዜዎቹ ጠጅ ሲያነሱ እሱ ያነሳው ያልፈላ ብርዝ ነው። ሰው እንዴት እንደሞተ ይረሳል፤ ጠጥቶ ሞተ ከተባለ ግን ስሙ ሲነሳ መጠጡ አብሮ ይነሳል። ቢከሰስ ጠበቃ አቁሞ ይከራከር ነበር፤ መቃብር ውስጥ ያለ ሰው ግን ማንን ይጠራል? ከእሷ በቀር ማን አለው?

ፎጣውን ሰቅላ ወደ ጓሮ ወጣች። ከጓሮ ያለችው ክፍል የአማቷ የእማማ ወለተ ሥላሴ መኖሪያ ናት፤ የማስቲካ መጋዘንም ናት። የኋላሸት እናቱን ከገጠር ሲያመጣ «ዘመናዊ ክፍል ሠራሁላት» ብሎ አገር አስመረቀ፤ በወሩ ካርቶን ማስገባት ጀመረ። አሁን ካርቶኑ እስከ ኮርኒሱ ተደርድሮ መስኮቷን ሸፍኗታል። ለአሮጊቷ የቀረው አንድ የሽቦ አልጋና ወደ እሱ የሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ ነው። በሦስቱም ግድግዳ አውራ ዶሮዎች ተደርድረው ያዩዋቸዋል። ቤቱ ናና ናና ይሸታል። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። እስከዳር አጠገባቸው ተቀመጠች። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነበሩ፤ ሲገናኙ ይተቃቀፋሉ፣ ይቀመጣሉ፣ አንዷ የሌላዋን ቁስል ላለመንካት ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ።

«እማማ» አለች በመጨረሻ። «እንዳላማው መጠጥ ነክቶ ያውቃል?»

አሮጊቷ ቀና አላሉም። «ጠላ ስጠምቅ እንኳ ሽታውን ሸሽቶ ደጅ ይወጣ ነበር» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ጆሮዬ እንደ ጥርሴ አልረገፈም፣ ልጄ። የሚለውን ሁሉ እሰማለሁ።»

«እንግዲያ ምነው …»

«አንዱን ቀብሬዋለሁ። የአንዱን እንጀራ እበላለሁ። ምን ልበል?» አሉና ካርቶኖቹን በእጃቸው አመለከቱ። «ይኼ ሁሉ ዶሮ ከብቦኝ ነው የማድረው። አንዱ እንኳ ጮኾ አያውቅም።»

ስትወጣ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የኋላሸት በሬ ጥሏል፤ በሬው የተገዛበትን ዋጋ የማያውቅ እንግዳ እንዳይኖርም ተጠንቅቋል። በየወንበሩ ላይ አንዳንድ ቀይ ፓኬት ተቀምጦ ነበርና ሰዉ መጀመሪያ ፓኬቱን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ኪሱ ይከታል፣ ከዚያ ፊቱን ለሐዘን ያዘጋጃል። ሕፃናትን ወዲያ ሂዱ የሚሉ የዕድር ሰዎች ራሳቸው ሁለት ሁለት ወስደዋል። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ አካለ ወልድ ወንበራቸው ላይ ያገኙትን ፓኬት ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት።

«ትጉህ … የማይተኛ» አሉ። «ይኼ በቅዳሴው የእግዚአብሔር ስም አልነበረም እንዴ? መቼ ነው ማስቲካ የሆነው?»

«ስሙ ብቻ ነው፣ መሪጌታ» አለ የኋላሸት ጎንበስ ብሎ፣ እያኘከ። «እንቅልፍ ይከለክላል። ይሞክሩት።»

«እኔ እንቅልፉ ነው የጠፋኝ፣ ልጄ። የሚያስተኛ ስታመጣ ጥራኝ።»

አጠገባቸው ያሉት በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። የኋላሸትም የተመረቀ ይመስል አብሮ ሳቀ። እስከዳር ወጥ እያወጣች በመካከል ስታልፍ ጎረቤቷ ካሰች ክንዷን ያዘቻት። ካሰች ክፉ ሴት አይደለችም፤ የሰማችውን ታምናለች፣ ያመነችውን ታጽናናበታለች። «አይዞሽ፣ እቴ» አለቻት ወደ ጆሮዋ ተጠግታ። «እኛ የምናለቅሰው ሰውነቱን ነው። መጠጡን ማን ያነሳዋል? ስንቱ ይጠጣ የለም ወይ?»

እስከዳር አመሰገነቻት። የወጡን ጭልፋ አስተካክላ ይዛ ለሚቀጥለው ሰው አወጣች፤ ለሚቀጥለውም አወጣች። ነገር ግን ከዚያች ቅጽበት በኋላ የድንኳኑ ሰው ሁሉ በጆሮው ያንኑ ይዞ የተቀመጠ መሰላት፤ ለጠጪ ነፍስ ይማር እያለ የሚበላ፣ በልቶም ይቅር የሚል።

ያን ጊዜ ከደጅ ጩኸት ተነሳ። መጀመሪያ ዶሮ ጮኸ፤ ቀጥሎ ሙዚቃ፤ ቀጥሎ የሴት ድምፅ «ትጉህ! ትጉህ! የማይተኛው ትጉህ!» አለ። እስከዳር ጭልፋውን ለካሰች ሰጥታ ወጣች። በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ የተጫነበት ፒክአፕ ቆሟል፤ ከኋላው ላይ ቀይ ቲሸርት የለበሰች ወጣት ሴት ማይክሮፎን ይዛ ትንጠራራለች። መሲ ትባላለች፤ ከአቶ ሀይለመለኮት ጋር ከአዲስ አበባ የመጣች አስተዋዋቂ ናት። ግጥም ለሚገጥም ቲሸርት እየሰጠች የመንገደኛውን ሁሉ እግር ይዛለች። አንድ የባጃጅ ሾፌር «ትጉህ ማስቲካ፣ በሄድኩበት ልተካ» ብሎ፣ ትርጉሙን ራሱም ሳያውቀው ቲሸርቱን ተሸልሞ እላዩ ላይ ደርቦታል።

«እኅቴ» አለች እስከዳር ከሥር ቀና ብላ፣ «ሙት ዓመት ነው። ብታጠፉት ጥሩ ነበር።»

መሲ ጥቁር ልብሷን አየችና አፈረች። ማይክሮፎኑን ከአፏ አራቀች። «ውይ፣ ይቅርታ እትዬ! እኛ እኮ አላወቅንም … አቶ የኋላሸት ናቸው እንግዳው ሳይበተን ጀምሩ ያሉን። አሁን ባጠፋው ይቆጡኛል።» ከዚያ ሥራዋ ትዝ አላትና ፈገግ አለች። «ወይስ እርስዎም ግጥም አለዎት? ጎጃም ግጥም ይወዳል ሲሉ ሰምቼ! ቲሸርት አለ።»

እስከዳር የአማርኛ መምህርት ናት። በየዓመቱ በኅዳር ሰምና ወርቅ ታስተምራለች። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው፣ ወርቁ የተሸሸገው ነው ትላለች፤ ሰሌዳው ላይ ሁልጊዜ ያንኑ ምሳሌ ትጽፋለች፤ ተማሪዎቹ ያዛጋሉ፤ እሷም ውስጧ አብሯቸው ያዛጋል። ለፈተና ካልሆነ ለምን እንደሚጠቅም ጠይቀዋት መልስ አጥታ ታውቃለች። አሁን ግን ጠዋት በችፑዱ በኩል የሰማችው ቃል አፏ ውስጥ ነበር። ከማለዳ ጀምሮ ስታኝከው ውላለች፤ ጎማ አልሆነም።

«አለኝ» አለች። «ስጪኝ።»

ማይክሮፎኑን ስትይዝ ሰፈሩ ጆሮውን ጣለ። ባለቤቷ የሞተባት ሴት በሙት ዓመቱ ለማስቲካ ልትገጥም ነው! ከድንኳኑ ሰዎች ወጥተው በሩ ላይ ተደረደሩ። ካሰች ጭልፋውን እንደያዘች መጣች፤ መሪጌታ አካለ ወልድም በምርኩዛቸው ተደግፈው ቆሙ። እስከዳር ክፍል ውስጥ እንደምታነብበው አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ ድምፅዋን ሳትሰብር አለች፦

«ትጉህ ነው፣ ትጉህ ነው፣ አትበሉት ማስቲካ፤
እንዳላማው አደረ መጠጥ ሳይነካ።»

መሲ በእጇ ጭኗን መታች። «ወይኔ! ስሙልኝማ! ማስቲካ ብቻ አትበሉት አለች እኮ! እንዳላማው … ላማው ብል እንኳ አልችልም ማለቷ ነው! ቡና ሳይነካ፣ ምን ሳይነካ፣ ነቅቶ አደረ! እትዬ፣ ይድገሙልኝ፣ ልቅረጸው!» ስልኳን አወጣች። እስከዳር ደገመችላት። በሁለተኛው ላይ «እንዳላማው» ስትል ትንሽ አረፈች፤ ስም ሲጠራ እንደሚታረፈው።

ሕዝቡ አልሳቀም። ባለ ቲሸርቱ የባጃጅ ሾፌር ቆቡን አወለቀ፤ ከእንዳላማው ጋር መናኸሪያ ውስጥ ብዙ ቀን ምሳ በልቷል፣ ለስላሳ ሲጠጣ እንጂ ሌላ ሲጠጣ አላየውም፤ ወሬውን ሲሰማ ግን «ማን ያውቃል» ብሎ ነበር። ጭልፋው ከካሰች እጅ ወደቀ። መሪጌታ ምርኩዛቸውን አንዴ መሬት መቱና «ሰሙ ለማስቲካው፣ ወርቁ ለባለቤቷ» አሉ ቀስ ብለው። ያልገባው ካለም ያን ጊዜ ገባው። ያኔ ነው ከወዲያ ማዶ አንድ ሳቅ የፈነዳው፤ ቀጥሎም ሌላ። ሳቁ ወደ እሷ አልነበረም። ሰዉ እየሳቀ የሚያየው ወደ ቤቱ በር ነው።

የኋላሸትና አቶ ሀይለመለኮት ሳቁን ሰምተው ወጡ። መሲ ከፒክአፑ ላይ ሆና «ጋሼ፣ ይሄንን ስሙ!» አለችና የቀረጸችውን በድምፅ ማጉያው ለቀቀችው። ዶሮው ጮኸ። የእስከዳር ድምፅ መንገዱን ሞላው። የኋላሸት መጀመሪያው ስንኝ ላይ ፈገግ አለ፤ ሁለተኛው ላይ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረና መንጋጋው ቆመ። ወኪል ከሆነ ወዲህ ያ መንጋጋ ሲቆም ከተማው ያየው ያን ቀን ነው።

«ዕፁብ ነው!» አለ አቶ ሀይለመለኮት። «አቶ የኋላሸት፣ እኛ በሺህ ብር የምናሠራው እንዲህ አያምርም። ሬዲዮ ላይ ነው የሚሄደው። ለዛሬ ግን በሉ፣ ገበያውን፣ መናኸሪያውን፣ ሁሉንም አዳርሱት!»

«ቆይ … ቆይ እንጂ» አለ የኋላሸት። «ይኼ እንኳን …»

«ምነው? አልተስማማዎትም?»

የኋላሸት ዙሪያውን አየ። ሰዉ ሁሉ መልሱን ይጠብቃል። አይሆንም ቢል ለምን ሊባል ነው። ለምን ከተባለ እንዳላማው የሰው ስም መሆኑን፣ የማን ስም እንደሆነም መናገር አለበት፤ ያን ከተናገረ ደግሞ ያ ሰው ሌሊቱን ምን ሳይነካ እንዳደረ፣ ማንስ ሁለት ሁለት እያኘክ ንዳ እንዳለው ይከተላል። አፉን ከፈተ። ማስቲካው ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ነበር።

«ቆንጆ … ቆንጆ ነው» አለ።

«እንግዲያው ምን ትጠብቃላችሁ? ንዱት!»

ፒክአፑ ሲነሳ የኋላሸት ወደ እስከዳር ተጠጋ። ፊቱ ለእንግዳው እየሳቀ፣ እሷን በሹክሹክታ ጠየቃት። «እታለም፣ ምነው? ወንድሙ አይደለሁም ወይ? ምን አደረግሁሽ?»

«እኔ ምን አልኩ፣ ዋርሳዬ?» አለችው። «ማስቲካህን አመሰገንኩልህ።»

መሲ ከሩቅ የወረወረችላት ቀይ ቲሸርት እግሯ ሥር ወድቆ ነበር። አላነሳችውም፤ አልረገጠችውምም፤ ዞራው አለፈች። ወደ ድንኳኑ ግን አልተመለሰችም። በጓሮ ዞራ በካርቶኖቹ መካከል ጎን ጎኗን አልፋ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ጠዋት በነበረችበት ቦታ ተቀመጠች። እማማ ወለተ ሥላሴ እንዳሉ ነበሩ። ፒክአፑ ቁልቁል ወደ ገበያው ሲወርድ ድምፁ ከተሸፈነው መስኮት በኩል ይመጣል፤ ይርቅና እንደገና ይመለሳል።

«ምንድን ነው እሱ የሚጮኸው?» አሉ።

«የየኋላሸት ማስቲካ ነው፣ እማማ። ገበያ እያዞረው ነው።»

«ምን ይላል?»

እስከዳር ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት ድምፅ ማጉያው ቀደማት። ደግሞ ዶሮው ጮኸ። ከዚያ ስንኙ መጣ፤ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የገበያው ሰው ሳይጠብቀው አብሮ ጨረሰው፤ «መጠጥ ሳይነካ» የሚለው ከመቶ አፍ እንደ አዝማች ወጣ። አሮጊቷ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። እስከሚደገምም ጠበቁ። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«የኋላሸት ሬሳው ሲመጣ አላለቀሰም፤ በሰባቱም፣ በአርባውም አላለቀሰም» አሉ። «አሁን ገና ወንድሙ አለቀሰለት።»